አንድ ነፃ ቀን ብቻ አለኝ፦ ጢያ፣ አዳዲ ማርያምና መልካ ቁንጡሬ በአንድ ቀን ይቻላል?

የቀጨኔ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁም። የምጽፈው ከሜሪላንድ ነው። ለጥምቀት አዲስ አበባ እገባለሁ። 15 ቀን አለኝ፤ 15 ቀን ግን ስሙ ነው። ሁለት ሰርግ አለ። ያልደረስኩበት ለቅሶ አለ። "መጥተሽ ሳላይሽ ልትሄጂ ነው?" የሚሉ አክስቶች አሉ። ቆጥሬ ቆጥሬ የተረፈችኝ አንድ ቀን ናት፤ ወይ ጥር 19፣ ወይ ጥር 21።

ልጄ 14 ዓመቱ ነው፤ ተወልዶ ያደገው እዚህ ነው። አምና ትምህርት ቤት ስለ ጥንታዊ ሥልጣኔ ተማሩ። ግብፅ፣ ግሪክ፣ ሮም። ቤት መጥቶ "የኛስ?" አለኝ። "አክሱም አለ፣ ላሊበላ አለ" አልኩት። "አይተሻቸዋል?" አለኝ። አላየኋቸውም። ቀጨኔ ተወልጄ 22 ዓመት አዲስ አበባ ስኖር ከደብረ ዘይት አልፌ አላውቅም። ደብረ ዘይትም የሄድኩት ሐይቁ ዳር ዓሣ ልበላ ነው። አፈርኩ።

ላሊበላና አክሱም በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የሚሆኑ አይደሉም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ "በቡታጅራ መንገድ ሦስት ቦታ አለልሽ" አለችኝ። ጢያ ትክል ድንጋይ፣ አዳዲ ማርያም የምትባል ፍልፍል ቤተ ክርስቲያን፣ የጥንት ሰው ቁፋሮ ያለበት መልካ ቁንጡሬ። አንድ አስጎብኚ ድርጅት ዋጋ ጠየቅኩ፤ በዶላር የነገሩኝን ስሰማ ሰርጉን እኔ የምደግስ መሰለኝ።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው፦ ሦስቱም በአንድ ቀን ይቻላሉ? መኪና ከነሹፌሩ ብከራይ ይበቃል ወይስ አስጎብኚ ያስፈልጋል? እናቴም አብራን ትምጣ ብዬ አስቤ ነበር። 74 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል። ስነግራት "ድንጋይ ለማየት ይህን ሁሉ መንገድ?" ብላ ሳቀችብኝ። እውነት ልፋቱ ያዋጣል?

---

ፒያሳ ማኪያቶ

እናትሽ ልክ ናቸው 😂 እኔ ጢያ ሄጃለሁ። አጥር፣ ሣር፣ ድንጋይ። 20 ደቂቃ አይፈጅም። ልጁ ስልኩን ነው የሚያየው። አንድነት ፓርክ ውሰጂው፣ አንበሳውንም ቤተ መንግሥቱንም አይቶ ይመለስ። ከሰዓት አምስት ኪሎ ሙዚየም ሉሲን ያያል። አለቀ። ጥር ደግሞ አቧራው አይጣል ነው።

---

አሮጌ ሾፌር

እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ በቅድሚያ። እኔ እንግዳ ሳመላልስ 26 ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ዓይኔ ደከመና መሪውን ለልጄ ሰጠሁ። ያን የቡታጅራ መንገድ ስንቴ እንደሄድኩበት ፈጣሪ ይወቀው። ስለዚህ ትንሽ ላስረዝምብሽ።

ይቻላል። ሦስቱም በአንድ መንገድ ላይ ናቸው። በአየር ጤና ወጥተሽ ዓለም ገና ላይ ወደ ግራ ትታጠፊያለሽ። መልካ ቁንጡሬ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጢያ ከ80 ትንሽ ያልፋል። አዳዲ ማርያም በሁለቱ መሃል ናት፤ ከዋናው መንገድ ወደ ቀኝ ተገንጥለሽ 12 ኪሎ ሜትር ያህል በፒስታ ትገቢያለሽ። ርቀቱን አትፍሪው። የሚፈራው ከአየር ጤና እስከ ዓለም ገና ያለው ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ዓለም ገናን ካለፍሽ ቀኑ ያንቺ ነው። 1 ሰዓት ተኩል ላይ ገና አየር ጤና ከሆንሽ ግን ቀኑን ለሲኖትራክ ሰጥተሽዋል።

አሁን ሰው ሁሉ ወደሚሳሳተው ልምጣ። መልካ ቁንጡሬ ከከተማ ስትወጪ የመጀመሪያዋ ናት። ስለዚህ ሁሉም መጀመሪያ እዚያ ይቆማል። ሰዉ ገና ጢያን ለማየት ቸኩሏል። አራት ክብ ጎጆ ያያል፣ በመስታወት ውስጥ የተደረደረ ድንጋይ ያያል፣ "ይኸው ነው?" ይላል፣ ይወጣል። አሥር ደቂቃ። ፒያሳ ማኪያቶ ጢያን 20 ደቂቃ አለ፤ መልካ ቁንጡሬን ቢያይ ከመኪና አይወርድም ነበር።

አልፈርድበትም። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ስንት ዓመት እንግዳ አውርጄ ወንበሬን ወደ ኋላ ዘርግቼ እዚያው ግቢ ውስጥ ተኝቻለሁ! አንድ ቀን ያመጣኋቸው ሽማግሌ መስኮቱን አንኳኩተው "አገርህ አይደለም እንዴ? ና ውረድ" አሉኝ። ፈረንጅ ናቸው፤ ያሉኝ በተሰባበረ አማርኛ ነው። እያፈርኩ ወረድኩ። ጎምቦሬ ወደሚባለው ቁፋሮ ወሰዱኝ። ትንሽ በእግር ነው። ከላይ ጣራ ተሠርቶለታል። ከሥር ያለው መሬት እንደተቆፈረ ተትቷል። ድንጋዩም አጥንቱም ያኔ በወደቀበት ነው። ሙዚየም ማለት ሰው አንስቶ የደረደረው ይመስለኝ ነበር። እዚያ ግን ማንም ያነሳው የለም። ሰዎቹ ሥጋቸውን በልተው ተነስተው የሄዱ፣ ዕቃቸውን ሳይሰበስቡ የሄዱ ይመስላል።

ቦታውን በ1963 እ.ኤ.አ. ያገኘው አንድ የሆላንድ የውሃ ባለሙያ ነው። ውሃ ሲፈልግ ድንጋይ አገኘ። ከዚያ ፈረንሳዮች ለረጅም ዓመት ቆፈሩ፣ ኋላ ጣሊያኖች ተረከቡ። አሁንም አላለቀም። ከአዋሽ ዳር የወጣው ነገር ወደ ሁለት ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። በ2024 እ.ኤ.አ. ባልጪት ከሚባለው አካባቢ ጋር አንድ ላይ የዓለም ቅርስ ሆኗል። ጢያ ደግሞ ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ናት። ስለዚህ ልጅሽን በአንድ ቀን፣ በአንድ መንገድ፣ ሁለት የዓለም ቅርስ ታሳዪዋለሽ። ሮም ሄዶም ከዚህ የተሻለ ውሎ አያገኝም።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ መልካ ቁንጡሬን በጠዋት እለፊያት። ራቅ ያለውን አስቀድሚ። ስትመለሺ፣ ቀኑ ሲበርድ፣ ሌላ የምትቸኩይለት ቦታ ሳይኖር እዚያ ውረጂ። ጠባቂዎቹ ሳይሄዱ ግን ድረሺ፤ 9 ሰዓት ላይ ብትገቢ ጥሩ ነው።

አስጎብኚ ከአዲስ አበባ ይዘሽ አትሂጂ። ጢያም መልካ ቁንጡሬም ላይ እዚያው የሚያስረዱ ልጆች አሉ። ቦታቸውን ያውቃሉ። የሚከፈለውን በደረሰኝ ክፈይ፣ ለአስረጂው ደግሞ ከእጅሽ ጨምሪለት። ዝርዝር ብር ይዘሽ ሂጂ። የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ ካለሽ አትርሺው፤ ቲኬት ቆራጩ ጋ ሳትጠየቂ አሳዪው።

ለአዳዲ ነጠላ፣ ባትሪና ካልሲ ያዢ። ጫማ ይወለቃል። ውስጡ ጨለማ ነው። ካልሲው ለምን እንደሆነ ስትገቢ ይገባሻል፤ ምንጣፍና ቁንጫ ወዳጅ ናቸው።

ጥር 21 አትሂጂ። አስተርእዮ ማርያም ናት። ሰዉ ከየቦታው ይጎርፋል፣ ቤተ ክርስቲያኗን ሳይሆን የሰው ጀርባ ነው የምታዪው። 19ን ያዢ።

ደግሞ በዋዜማው ስለ መንገዱ ሁኔታ ሹፌሩን ጠይቂ። ደህና ሹፌር በየቀኑ ስለሚደዋወል ያውቃል።

---

ሶዶዬ

ጋሽ ሾፌር ጥሩ ተናግረዋል። እኔ የዚያው የጢያ አገር ልጅ ነኝ፣ የሶዶ ጉራጌ፣ ክስታኔ። ፒያሳ ማኪያቶ "አጥር፣ ሣር፣ ድንጋይ" ሲል ደሜ ፈላ፣ ግን እሺ።

አያቴ ድንጋዮቹን "የግራኝ ድንጋይ" ነበር የሚሏቸው። ግራኝ ሲያልፍ የተከላቸው ነው ይባላል። ልጅ ሆነን እናምን ነበር። ትምህርት ቤት ስገባ ግራኝ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሰው መሆኑን፣ ድንጋዮቹ ደግሞ ከሱ ብዙ እንደሚቀድሙ ሰማሁ። ለአያቴ ብነግራቸው "አንተ ነህ የምታውቀው?" ብለው ተቆጡ። እስከ ዛሬም አገሩ የሚጠራቸው በግራኝ ነው። አስረጂው ሲናገር ሁለቱንም ስሚ፤ አንዱ ታሪኩ ነው፣ አንዱ የአያቶቻችን ወግ ነው።

የቅርስ ቦታው ላይ 36 ድንጋዮች አሉ። 32ቱ የተቀረጹ ናቸው። ትልቁ 5 ሜትር ገደማ ይሆናል። ሰይፍ አለ፣ ክብ አለ፣ ደግሞ ከታች በኩል ቅጠሉን የዘረጋ ተክል የሚመስል ነገር አለ። እኛ "እንሰት ነው" እንላለን። የእንሰት አገር ሰው ሌላ ምን ይላል! አንዳንድ ተመራማሪ ደግሞ የእንጨት ትራስ ነው ይላል፤ ሰው ሲተኛ ራሱን የሚያሳርፍበት። እኔ ትራሱንም አልጠላሁትም። ምክንያቱም ከሥር ሰው ተኝቷል። ቦታው መቃብር ነው። ተቆፍሮ አጽም ወጥቷል፤ አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው፣ ከ18 እስከ 30 ዓመት ይሆናሉ ይባላል። ጉልበታቸውን አጥፈው፣ በማኅፀን ውስጥ እንዳለ ሕፃን ተጠቅልለው ነው የተቀበሩት።

ልጅሽ ሰይፎቹን ይቁጠር። በየድንጋዩ ቁጥሩ ይለያያል። ሰይፉ የገደለውን ያህል ነው የሚሉ አሉ። ድንጋዩ ለጀግና ቆሟል ማለት ነው። አንዱ ላይ ግን ሰይፍ የለም፣ የሴት ጡት ነው የተቀረጸው። እሱን ሳያይ እንዳይወጣ።

ሌላም ልጨምር። ጢያ ብቻዋን አይደለችም። በሶዶ ምድር ላይ ወደ 160 የሚሆኑ እንዲህ ያሉ ቦታዎች ተገኝተዋል። ማሳ ዳር ቆሞ ከብት የሚታከክበት ድንጋይ ታያለሽ። ልጅ ሆኜ በግ ስጠብቅ ጥላው ሥር ተቀምጫለሁ፤ ምን እንደሆነ የነገረኝ የለም።

ስለ ባልጪት ደግሞ፦ ስሙ ራሱ ከባልጩት ነው። ያ እንደ ጠርሙስ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ድንጋይ። የዚያ ዘመን ሰዎች መቁረጫቸውን የሚሠሩት ከሱ ነበር። የኛ አገር ቆዳ ፋቂዎች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በባልጩት ነው የሚፍቁት። የጎረቤታችን ሽማግሌ ሲፍቁ አይቻለሁ። ብረት ነበራቸው፣ ግን "ባልጩት ቆዳ አይቀድም" ይሉ ነበር። ሁለት ሚሊዮን ዓመት ማለት ሩቅ ይመስላል፤ ለኔ የጎረቤቴ እጅ ነው።

አንድም ድንጋይ ግን ኪስ ውስጥ እንዳይገባ። ብዙ ነው፣ ማን ያየኛል ብላችሁ እንዳትወስዱ። ቅርስ ነው፣ ያስጠይቃል።

ምሳ፦ ጢያን አለፍ ብሎ ቡኢ አለ። ክትፎ በቆጮ፣ አይብና ጎመን ታክሎበት። ረቡዕና ዓርብ እንዳይሆንብሽ ብቻ።

---

አሮጌ ሾፌር

ሶዶዬ፣ ክትፎው ላይ ተስማምተናል። ግን ቡኢ ድረስ ከሄዱ ለመልካ የሚተርፈው ሰዓት ያጥራል። እኔ ብሆን ምሳ ቋጥሬ እሄዳለሁ።

---

ሶዶዬ

ጋሼ፣ ሶዶ ድረስ ሄዶ ዳቦ በአቮካዶ በልቶ የሚመለስ ሰው ምን ይባላል?

---

የቀጨኔ ልጅ

አሳቃችሁኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሽ ሾፌር፣ "አንተ" ሳልልዎት ዕድሜዎን ስለነገሩኝ ደስ ብሎኛል።

አንድ ችግር መጣ። ለእናቴ ደውዬ "አዳዲ ማርያም የምትባል ከድንጋይ የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን አለች" አልኳት። ድንጋይ ስል አልሰማችኝም፣ ማርያም ስል ግን ሰማች። "መቼ ነው የምትሄዱት?" አለች። "ጥር 19 ወይም 21" ስላት አለቀ። "በአስተርእዮ ልትሳለሚ የምትችዪውን በ19 ምን ልትሠሪ ትሄጃለሽ?" አለችኝ። አሁን በ19 ከሆነ አልሄድም ብላለች። ምን ላድርግ?

---

ፒያሳ ማኪያቶ

አንድነት ፓርክ አልኩ እኮ።

---

አሮጌ ሾፌር

እናትሽ ካሉ 21 ነው። ለምን እንደምከራከር እኔም አላውቅም፤ ሚስቴም እንደሳቸው ናት።

እንግዲህ እቅዱን እንገልብጠው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ውጡ። ቀጥታ አዳዲ ሂዱ። እናትሽ ቅዳሴውን ያስቀድሱ፣ ታቦቷን ያንግሡ። በዕድሜያቸው መሃል ሰው ሞልቷል፣ ብቻቸውን አይሆኑም። አንቺና ልጅሽ ግን ንግሡን እስኪጨርሱ አትጠብቁ። ጎህ ሳይቀድ ከደረሳችሁ ሰው ሳይበዛ ውስጡን ዞራችሁ ተሳለሙ፣ ከዚያ ወደ ጢያ ሂዱ። ስትመለሱ እናትሽን ይዛችሁ መልካ ቁንጡሬ ትገባላችሁ። መንገዱ ለዚህ የተመቸ ነው፣ አዳዲ መሃል ላይ ናትና።

ደረጃው ላይ ያዟቸው። ቤተ ክርስቲያኗ ወደ ታች ተቆፍራ ነው የተሠራችው፤ ጣራዋ ከመሬቱ እኩል ነው። የላሊበላን ያህል ያላማረች ናት፣ መቼም እውነቱን እንናገር፣ ግድግዳዋ ሻካራ ነው። ግን የሚነገረው ንጉሥ ላሊበላ አሠራት ተብሎ ነው። ከታወቁት ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት እንደሷ ወደ ደቡብ የወረደች የለችም ይላሉ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ስዊዞች ረድተው ታድሳለች። እኔ ከመታደሷ በፊትም አውቃታለሁ፤ ውስጧ ዝናብ ይገባ ነበር።

መኪና ስትከራዪ ቪትዝ አትቀበዪ። ፒስታው ላይ ሆዷ ይመታል። ከፍ ያለ መኪና ይሁን። ዋጋውን ከመነሳትሽ በፊት ጨርሺ፤ ነዳጅ በማን እንደሆነ፣ የሹፌሩ ምሳ በማን እንደሆነ፣ ሁሉንም።

---

የቀጨኔ ልጅ

ሄደን መጣን። ቃል ስለገባሁ አሁን አውሮፕላን ማረፊያ ቁጭ ብዬ እየጻፍኩ ነው።

መኪናውን በጎረቤት በኩል ተከራየሁ፣ ከአስጎብኚ ድርጅቱ ዋጋ ግማሽ እንኳ አልሞላም። ሹፌሩ ወጣት ልጅ ነው። 11 ሰዓት ብለን 11 ተኩል ወጣን፤ እናቴ ጠበል መያዣ ስትፈልግ። ሦስት ባዶ ሃይላንድ ይዛ ወጣች። ዓለም ገናን ስናልፍ ገና ጨለማ ነው። ነጠላ የለበሱ ሰዎች መንገዱ ዳር መኪና ይጠብቃሉ። እናቴ "አቁምላቸው" እያለች ሁለት ሴቶችና አንድ ሕፃን ጫንን። ልጄ የማያውቀው ሕፃን ጭኑ ላይ ተኛበት። ለመግፋትም ለመንካትም ፈራ፣ እጁን ወደ ላይ አንስቶ እስከ አዳዲ ሄደ።

አቧራው እንዳላችሁት ነው። ሕዝቡም እንዳላችሁት ነው። ጋሽ ሾፌር፣ የሰው ጀርባ ነው ያየሁት፣ እውነትዎን ነው። ግን ከላይ ቆሜ ወደ ታች ሳይ መሬቱ የተከፈተ መሰለኝ። ነጭ ልብስ ብቻ፣ መሃሉ ላይ ድንጋዩ። ካልሲም ረድቶናል (ምሥጢሩን ለእናቴ ስነግራት "በማርያም ቤት ቁንጫ አትጥሪ" ብላ ገሰጸችኝ)። ልጄ በጨለማው ኮሪደር ሲሄድ ግድግዳውን በመዳፉ እየዳሰሰ ነበር። "ይሄ በእጅ ነው?" አለኝ። "በመዶሻና በመሮ" አልኩት። "ከላይ ጀምረው ከሆነ ቢሳሳቱስ? መልሰው አይለጥፉት" አለ። እኔ አስቤው አላውቅም።

እናቴን አብረውን ከመጡት ሴቶች ጋ ትተን ወደ ጢያ ሄድን። ከሦስት ሰዓት በፊት ደረስን። ከኛ በቀር ማንም የለም። ሰፈሩ ውስጥ ስንገባ ልጆች መኪናውን ተከትለው ሮጡ፣ በር ላይ ግን ቆሙ። አስረጂው ወጣት ነው፤ ረጋ ብሎ በአማርኛ አስረዳን፣ ልጄ ሳይገባው ሲቀር በእንግሊዝኛ ይደግምለታል። ሶዶዬ፣ ሰይፎቹን ቆጠረ። ሁለቴ ቆጥሮ ሁለቴም የተለያየ ቁጥር አመጣ፤ አንዳንዱ ተፋቋል። ጡት የተቀረጸበትን አሳየሁት። የእንሰቱን ነገርም አነሳሁ፤ አስረጂው "እንሰት ነው" አለ፣ ያንተ ወገን ነው መሰለኝ።

ስለ ወጣቶቹ ስንሰማ ግን ልጄ ዝም አለ። ስልኩን ኪሱ ከተተ። ከግቢው ከወጣን በኋላ "ሁሉም ወጣቶች ከሆኑ አንድ ነገር ሆነው ነው። ጦርነት ወይ በሽታ" አለ። "ማን ያውቃል" አልኩት። "አንድ ሰው ማወቅ አለበት" አለኝ፣ እኔን እየወቀሰ።

ቡኢ ሄደናል። ጋሽ ሾፌር ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልጄ ጥሬ ሥጋ አልበላም አለ፣ ለብለብ ተደረገለት፣ ከዚያ የኔንም ጨረሰ። ቆጮውን ግን "ካርቶን" ብሎታል። ሶዶዬ፣ ይህን ስላነበብክ አዝናለሁ።

አዳዲ ስንመለስ እናቴን ማግኘት አንድ ሰዓት ፈጀ። ስልኳን አጥፍታዋለች። ከዛፍ ሥር ተቀምጣ ከማታውቃቸው ሰዎች ጋ ዳቦ ስትቆርስ አገኘናት። ሦስቱም ሃይላንድ ሞልቷል። ስለዚህ መልካ ቁንጡሬ የደረስነው 9 ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

እውነቱን ልናገር፣ ጋሽ ሾፌር ባይጽፉልኝ ኖሮ አልቆምም ነበር። ደክሞናል፣ እናቴ ጉልበቷን ይዛለች። ጎጆዎቹንም ሳይ "አሥር ደቂቃ" አልኩ በልቤ። እናቴ "እኔ እዚሁ ልቀመጥ" አለች። ሹፌሩ ወንበሩን ወደ ኋላ ዘረጋ።

እኔና ልጄ ጎጆዎቹን አየን። ባልጩቱን አየ። በስሙ ተደነቀ፤ "የድንጋዩ ስም ነው የሰፈሩ ስም?" እያለ። ጎምቦሬ ወረድን። ጣራው ሥር ቆመን አስረጂዋ ስትናገር ልጄ ወደ ኋላ ዞሮ "አያቴ ይህን ማየት አለባት" ብሎ ሮጠ። ምን እንዳላት አላውቅም። ክንዷን ይዞ ቀስ እያለ አመጣት። ዓለቱ ላይ ያለውን አጥንት አየች። ሻካራውን መሬት በሻሿ ጫፍ ልትጠርግ ምንም አልቀራትም።

አስረጂዋ ሁለት ነገር ነገረችን። አንደኛው፣ እዚያው አካባቢ በ700,000 ዓመት ዕድሜ አፈር ላይ የእግር ዱካ መገኘቱን ነው። ከትልልቆቹ ጋ የሕፃናት ዱካም አለ፤ አዋቂዎቹ ሲሠሩ ልጆቹ አጠገባቸው ነበሩ። ሁለተኛው፣ ጋርባ በሚባለው ቦታ ወደ ሁለት ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ የሕፃን መንጋጋ መገኘቱን ነው። ጥርሱ ገና የወተት ጥርስ ነው። ቦታው ደግሞ ደጋ ነው፣ ያኔም ይበርድ ነበር አለች።

እናቴ ልጅቷን "ስንት ዓመቱ ነበር?" አለቻት።

"ሁለት፣ ሦስት ዓመት ይሆናል እማማ።"

"ምን ያለብሱት ነበር ታዲያ?"

አስረጂዋ የተነገረ ነገር እንደሌለ ነገረቻት። እናቴ ለትንሽ ጊዜ ቆመች። ከዚያ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ልጄ ላይ ጣል አደረገችበት። በቲሸርት ነበር፣ ከአዋሽ የሚመጣው ነፋስ ጀምሯል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ያወልቀው ነበር።

ስንወጣ ሹፌሩ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። እኔ ወደ በሩ ስሄድ እናቴ ቀድማኝ መስኮቱን በሃይላንዱ አንኳኳች። "ና ውረድ፣ አንተ ልጅ፤ ሳታይ አንሄድም" አለችው። ቁልፉን ይዞ እየተደናበረ ወረደ። አስረጂዋ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች፣ እኛም እንደገና ተከተልን። አዲስ አበባ የገባነው ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው።